በነቢያት ጾም፣ በገናና በጥር ሰርግ መካከል ሩጫን ሳያቋርጡ ለመቆየት

ጥያቄዎ በአጭሩ ይህ ነው። የ34 ዓመት ሴት፣ የሁለት ልጆች እናትና አዲስ አበባ ውስጥ የባንክ ሠራተኛ ነዎት። ዓምና መሮጥ ጀምረው የነቢያት ጾም ሲገባ ተዳከሙ፣ ለገና ሽር ጉድ ሲሉ አቆሙ፣ በጥር ሰርጉ ሲደራረብ ደግሞ ጨርሶ ተረሳ፤ እንደገና የተነሡት ከፋሲካ በኋላ ነው። ዘንድሮ በሳምንት አራት ቀን፣ ሦስቱን ቀን 40 ደቂቃ ያህል፣ ቅዳሜን ደግሞ ከአንድ ሰዓት በላይ እየሮጡ ቆይተው የታላቁን ሩጫ 10 ኪሎ ሜትር በ1 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ጨርሰዋል። አሁን ጾሙ ገብቷል፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይጾማሉ፤ የገና ዝግጅት በአብዛኛው በእርስዎ ትከሻ ላይ ነው፤ ለጥምቀት ወደ ባለቤትዎ ቤተሰቦች አሰላ ትሄዳላችሁ፤ ከዚያ በኋላ የሦስት የቅርብ ዘመድ ሰርግ አለ። «የዓምናው እንዳይደገም ምን ላድርግ?» ብለው ጠይቀዋል።

ዓምና ያቆሙት በስንፍና አይመስለኝም። በእኔ ግምት ያቆሙት ለሌላ ወቅት የተሠራ ፕሮግራም ይዘው ታኅሣሥን ለመሻገር ስለሞከሩ ነው። የአራት ቀን ፕሮግራም በያዘ ሰው ላይ አንድ ቀን ሲያልፍበት ቅር ይለዋል፤ ሁለት ቀን ሲያልፍበት ሳምንቱ እንደተበላሸ ይቆጥራል፤ ሳምንቱ ከተበላሸ ደግሞ «ከበዓሉ በኋላ እንደ አዲስ እጀምራለሁ» ይላል። እኛ አገር ግን ከኅዳር 15 ጀምሮ እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ ድረስ «ከበዓሉ በኋላ» የሚባለው ጊዜ በተግባር የለም፤ አንዱ ሲያልፍ ሌላው ይተካል። ስለዚህ ዋናው ምክሬ ለዚህ ወቅት ብቻ የሚያገለግል፣ ከወትሮው ያነሰ ፕሮግራም ዛሬውኑ እንዲያወጡና እሱን እንዲያከብሩት ነው። አስቀድሞ አስቦ መቀነስና ተሸንፎ ማቆም በጣም የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ምን ያህል መቀነስ እንደሚቻል የሚያሳይ ጥሩ ማስረጃ አለ። ሮበርት ሂክሰን የተባሉ አሜሪካዊ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. ከ1981 እስከ 1985 በተከታታይ ባወጧቸው ጥናቶች ሰዎችን በሳምንት 6 ቀን፣ በቀን 40 ደቂቃ፣ ለ10 ሳምንታት ጠንከር ያለ ልምምድ ካሠሩ በኋላ ለቀጣዮቹ 15 ሳምንታት ልምምዱን በተለያየ መንገድ ቀነሱባቸው። የቀኑ ቁጥር ከ6 ወደ 4 ወይም ወደ 2 ሲወርድ ሰውነታቸው ኦክስጅንን የመጠቀም ከፍተኛ አቅሙ በነበረበት ቆየ። ቀኑ ሳይነካ ደቂቃው ከ40 ወደ 26፣ አልፎም ወደ 13 ሲወርድ ይህ አቅም አሁንም አልቀነሰም፤ ወደ 13 ደቂቃ በወረዱት ላይ የተጎዳው ለረጅም ጊዜ የመቆየት ብርታት ነበር። ቀኑና ደቂቃው ሳይነኩ የልምምዱ ጥንካሬ ሲቀነስ ግን የተገኘው አቅም መውረድ ጀመረ። ከዚህ ለእርስዎ የሚበጀው ትምህርት ግልጽ ነው፤ በሥራ ብዛት ወቅት ደቂቃ ይቀነሳል፣ ቀንም ይቀነሳል፣ ነገር ግን በሳምንት ውስጥ ቢያንስ አንድ ጊዜ ትንፋሽዎን የሚፈትን ሩጫ ሊኖር ይገባል። ብዙ ሰው የሚያደርገው የዚህን ተቃራኒ ነው። ጊዜ ሲያጥረው ጠንከር ያለውን ልምምድ ትቶ፣ ሲመቸው ብቻ በዝግታ ዱብ ዱብ እያለ ይቆያል፤ ወሩ ሲያልቅ ዳገት ላይ ለምን እንደሚያለከልክ አይገባውም።

ጨርሶ ማቆም የሚያስከፍለውም ይታወቃል። ኤድዋርድ ኮይል የተባሉ ሌላ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተሙት ጥናት ለረጅም ጊዜ የሠለጠኑ ስፖርተኞች ልምምድ ሲያቆሙ ከፍተኛ የኦክስጅን አጠቃቀማቸው በመጀመሪያዎቹ 3 ሳምንታት 7 በመቶ ያህል፣ በ8 ሳምንታት ደግሞ 16 በመቶ ያህል ወርዷል። መጀመሪያ የሚቀንሰው በደም ሥር ውስጥ የሚዘዋወረው ፈሳሽ መጠን ነው፤ ይህም በጥቂት ቀናት ውስጥ የሚጀምር ሲሆን፣ ደስ የሚለው ነገር ልምምድ ሲቀጥል የሚመለሰውም በዚያው ፍጥነት ነው። ይህን የምነግርዎ አራት አምስት ቀን ቢያልፍዎ እንዳይደነግጡ ነው። የሚያሳስበው ሦስት ሳምንት ሲሞላ ነው፤ በተለይም እንደ እርስዎ ልምምዱ የወራት እንጂ የዓመታት ዕድሜ በሌለው ሰው ላይ የተገኘው ብርታት ቶሎ ይሸሻል።

እንግዲህ ከአሁን እስከ ጥር መጨረሻ ድረስ ሦስት ቀን ብቻ ይያዙ። አንደኛው ቀላል ሩጫ ነው፤ ከ25 እስከ 30 ደቂቃ፣ ከጎንዎ ካለ ሰው ጋር ሙሉ ዓረፍተ ነገር እየተናገሩ ሊሮጡት በሚችሉት ፍጥነት። ሁለተኛው ጠንከር ያለው ነው፤ 10 ደቂቃ በሶምሶማ ካሟሟቁ በኋላ አንድ ደቂቃ ፈጠን፣ ሁለት ደቂቃ ዝግ እያሉ ስድስት ጊዜ ይደጋግሙና አምስት ደቂቃ በዝግታ ሮጠው ይጨርሳሉ። «ፈጠን» ስል በሙሉ ኃይል መብረር ማለቴ አይደለም፤ በፈጣኑ ደቂቃ ውስጥ ሁለት ሦስት ቃል እንጂ ዓረፍተ ነገር የማይወጣዎት ከሆነ ልክ ነው። ስድስተኛውን ከመጀመሪያው እኩል መሮጥ ካቃተዎ በጣም ፈጥነው ጀምረዋል ማለት ነው። ሦስተኛው የሳምንቱ ረጅም ሩጫ ሲሆን፣ ከአንድ ሰዓት በላይ የነበረውን ወደ 45 ወይም 50 ደቂቃ ያውርዱት። ከዚህ በታች ደግሞ ሌላ ወለል ያስቀምጡ። ሁሉም ነገር በተዘበራረቀበት ሳምንት ሁለት ጊዜ 20፣ 20 ደቂቃ ከሮጡና በአንደኛው ውስጥ ጥቂት ፈጣን ደቂቃዎች ካሉበት፣ ያ ሳምንት የተሳካ ነው ብለው ይቁጠሩት፤ ይህን የምለው ለማጽናናት ሳይሆን ከላይ ያየነው ማስረጃ ወደዚያ ስለሚያመለክት ነው።

አሁን ወደ ጾሙ ልምጣ፤ የእርስዎ ዋናው ችግር ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ዓምና እንደ ወትሮዎ ከማለዳው አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ መሮጥዎን እንደቀጠሉ ጽፈዋል። በጾም ቀን ማለዳ መሮጥ ለመንፈስ ደስ ይላል፤ ሆድ ባዶ ነው፣ መንገዱ ጸጥ ያለ ነው፣ ብርዱም ያነቃቃል። ነገር ግን ከሩጫው በኋላ ያሉትን ሰዓታት ያስቡ። 40 ደቂቃ ሮጠው ግማሽ ሊትር የሚጠጋ ውኃ በላብና በትንፋሽ ካወጡ በኋላ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጠብታ ሳይቀምሱ፣ በመስኮት ፊት ቆመው ደንበኛ ሲያስተናግዱ ይውላሉ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ በታኅሣሥ አየሩ ደረቅ ስለሆነ ላቡ ሳይታይ ይተናል፣ ሰውም ብዙ ፈሳሽ ያወጣ አይመስለውም። ረፋድ ላይ ራስ ምታት፣ ከሰዓት በኋላ መነጫነጭና ድካም፣ ማታ ደግሞ ከመጠን በላይ መብላት ይከተላል፤ በሦስተኛው ሳምንት ሰውነት «በቃኝ» ይላል። ዓምና ያቆምዎት ጾሙ ሳይሆን የሩጫው ሰዓት ሳይሆን አይቀርም።

ስለዚህ ከሰኞ እስከ ዓርብ ባሉት የጾም ቀናት ሩጫውን ወደ አመሻሽ ያዛውሩት። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሲያፈጥሩ ሁለት ብርጭቆ ውኃ ቀስ ብለው ይጠጡ፤ ከዚያ በውኃ የተበጠበጠ በሶ፣ ወይም ሙዝና ቁራሽ ዳቦ፣ ወይም ጥቂት ቴምር ይውሰዱ። በሶ ለብዙ ሯጮቻችን የቆየ ስንቅ የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ተፈጭቶ የተዘጋጀ የገብስ ቆሎ ስለሆነ ለሆድ አይከብድም፣ ኃይል ይሰጣል፣ ቢሮ ውስጥ በአንድ ኩባያ ይዘጋጃል። ሙሉውን እንጀራ በሽሮ ግን በዚያ ሰዓት አይብሉ፤ በርበሬውና ዘይቱ በሩጫ ላይ ቃር ሆኖ ይመለስብዎታል፣ ጥራጥሬውም ሆድ ይነፋል። አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ሲሮጡ ከቀመሱ ሁለት ሰዓት ተኩል ይሆንዎታል፤ ውኃውም እህሉም ቦታውን ይዟል። ፀሐይ በዚህ ወቅት ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ጥቂት አለፍ ብላ ስለምትጠልቅና ከጠለቀች በኋላ ቶሎ ስለሚጨልም፣ የ30 ደቂቃው ሩጫ ጨለማው ሳይመጣ ያልቃል። ይህ እንዲሳካ ጫማና ቱታ መሥሪያ ቤት ማደር አለባቸው። መጀመሪያ ቤት ደርሶ፣ ልጆች አይቶ፣ ቀይሮ መውጣት ማለት በአብዛኛው አለመውጣት ማለት ነው፤ ከሥራ ቦታዎ ተነሥተው፣ ታክሲ ከመያዝዎ በፊት ሮጠው ይጨርሱ። በየዋና ዋናው መንገድ ዳር ሰፋፊ የእግረኛ መንገዶች ተሠርተዋል፤ መብራት ያለበትንና ሰው የሚበዛበትን ይምረጡ።

ቅዳሜና እሁድ ጉዳዩ ይለያል። በእነዚህ ሁለት ቀናት የምግቡ ዓይነት እንጂ የሰዓቱ ጾም ስለማይጠበቅ፣ ረጅሙን ሩጫና ከተቻለም ጠንከር ያለውን ወደዚህ ማምጣት ይቻላል። ቅዳሜ ማለዳ ሥራ ከመግባትዎ በፊት 45 ደቂቃ ሮጠው፣ ውኃዎን ጠጥተው፣ ቅንጬዎን ወይም በሱፍ የተፈተፈተውን እንጀራዎን በልተው መሄድ ይችላሉ። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ለቤተሰብ ይተውት።

በግማሽ ዓመቱ የሒሳብ መዝጊያ ቀናት አምሽተው እንደሚሠሩ ጠቅሰዋል። በእነዚያ ቀናት ብቻ ማለዳ ላይ 20 ደቂቃ፣ በጣም ቀላል የሆነ፣ ላብ የማያስወጣ ሩጫ ይፈቀዳል፤ ጠንከር ያለውን በምንም ምክንያት ከማፈጠሪያው በፊት አይሩጡት። የምሳ እረፍት በጾም ቀን ባዶ ስለሚሆን ለሩጫ ያመቻል ብለው የሚያስቡ አሉ። አልደግፈውም። ፀሐዩ ከፍ ያለበትና ለመጠጥ ገና ሦስት ሰዓት የሚቀርበት ጊዜ ነው፤ ዐይንዎን ጨፍነው ሩብ ሰዓት ቢያርፉበት ለአመሻሹ ሩጫ የበለጠ ይጠቅማል።

የጾም ምግባችን ለሯጭ የሚጎድለው ነገር ሰዎች እንደሚፈሩት ብዙ አይደለም። ምስር፣ አተር፣ ባቄላ፣ ሽምብራ፣ ኑግ፣ ሱፍና ተልባ በቤትዎ አሉ፤ ለአንድ ወር ከአሥራ አምስት ቀን ያህል ጡንቻን ለመጠገን የሚያስፈልገው ፕሮቲን ከእነዚህ ይገኛል፤ መጠኑን ከወትሮው ከፍ ማድረግ ብቻ ያስፈልጋል። እውነተኛ ጥንቃቄ የሚሻው ብረት ነው፤ በወር አበባ ምክንያት ሴት ሯጭ ከወንድ ይልቅ ለብረት እጥረት የተጋለጠች ናት። ጤፍም ምስርም ብረት አላቸው፤ ነገር ግን የእጽዋት ብረት ወደ ደም የሚገባው በችግር ነው። ሎሚ የተጨመቀበት የቲማቲም ሰላጣ፣ ቃሪያ ወይም ብርቱካን ከምግቡ ጋር ሲወሰድ ያግዘዋል፤ ቡናና ሻይ ደግሞ ያግደዋል። እራት እንደተበላ ወዲያው የሚፈላውን ቡና ቢያንስ በአንድ ሰዓት ያዘግዩት። ይህ ቀላል ምክር ይመስላል፤ ዳገት ላይ ያለ ምክንያት ትንፋሽ የሚያጥራቸውን ሴቶች ስጠይቅ ግን በተደጋጋሚ የማገኘው ይህንኑ ነው፤ እንጀራውን ሳይጨርሱ አቦሉ ቀርቧል።

ስለ ጾሙ ሥርዓት፣ በተለይም ስለ ሰዓቱ፣ መወሰን የእኔ ድርሻ አይደለም። ነፍሰ ጡር ከሆኑ፣ የሚያጠቡ ከሆነ፣ ስኳር ወይም የጨጓራ ሕመም ካለብዎ፣ ወይም መድኃኒት በሰዓት የሚወስዱ ከሆነ ሐኪምዎንና የንስሐ አባትዎን አስቀድመው ያማክሩ።

የገና ሳምንት ለብቻው ሊታሰብ ይገባዋል። እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ነገር አለ፤ የበዓል ዝግጅት ራሱ ለእግርና ለወገብ ከባድ ሥራ ነው። ገበያ ወርዶ ሽንኩርት፣ ቅቤና ዶሮ መርጦ ተሸክሞ መመለስ፣ ሽንኩርቱን ልጦ ከትፎ ለሰዓታት ማቁላላት፣ ዶሮውን በየብልቱ ለይቶ በሎሚና በጨው ደጋግሞ ማጠብ፣ ከድስቱ ሥር ሳይርቁ እየቆሙ ማማሰል ቀኑን ሙሉ ይወስዳል። ሰው በሲሚንቶ ወለል ላይ፣ በነጠላ ጫማ፣ ለአሥር ሰዓታት ሲቆም ባቱ ይደድራል፣ ተረከዙ ያቃጥላል፣ ወገቡ ይያዛል። በዚያ እግር በማግስቱ መሮጥ ጉዳት መጋበዝ ነው። ስለዚህ የወሩ የመጨረሻው ጠንከር ያለ ሩጫ ታኅሣሥ 25 ወይም 26 ላይ ይሁን፤ 27 እና 28ን ከፕሮግራሙ ይሰርዟቸው። እነዚህን ሁለት ቀናት «ሳልሮጥ ቀረሁ» ብለው ሳይሆን «ዕረፍት አድርጌያለሁ» ብለው ያስቡ። ሽንኩርት ሲያቁላሉ ከነጠላ ጫማው ይልቅ ያረጀውን የሩጫ ጫማዎን ያድርጉ፤ ለውጡን በዚያው ምሽት ያዩታል። ከሰል የሚጠቀሙ ከሆነ መስኮትና በር ይከፈት፤ የሚታፈነው ጢስ በልብና በሳንባ ላይ የሚያደርሰው ጫና ከማንኛውም ዳገት ይከፋል።

ሌላም አለ፤ ማለፍ አልፈልግም። «ዝግጅቱ በአብዛኛው በእኔ ላይ ነው» ብለው በጻፉት ዓረፍተ ነገር ውስጥ የሩጫዎ ትልቁ ችግር ሳይኖር አይቀርም። በሳምንት ሦስት ጊዜ 30 ደቂቃ የምትወጣ እናት ከቤተሰቧ የምትቀማው አንድ ሰዓት ተኩል ብቻ ነው፤ ያን ሰዓት ግን የሆነ ሰው መሸፈን አለበት። ከባለቤትዎ ጋር በግልጽ ተነጋግረው ቀኖቹን ይለዩ፤ «ሲመቸኝ እወጣለሁ» የሚለው በበዓል ሰሞን አይሠራም፤ የሚመች ቀን የለምና። ማክሰኞና ሐሙስ ከአሥራ አንድ ሰዓት ተኩል እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ልጆቹን የሚይዙት እሳቸው እንደሆኑ ከታወቀ፣ ሽንኩርት የሚልጥ ሁለተኛ እጅም ከተገኘ፣ ከማንኛውም የልምምድ ዘዴ የበለጠ ሩጫዎን የሚጠብቀው ይህ ነው። የልምምድ ባለሙያ እንደ መሆኔ ስለ ፍጥነትና ስለ ደቂቃ ብቻ እንድናገር ሊጠበቅ ይችላል፤ ሴት ሯጮች ልምምዳቸውን ሲያቋርጡ ግን ከጉልበት ሕመም ይልቅ በዚህ ምክንያት የሚያቋርጡት ይበዛሉ ብዬ አምናለሁ።

የገና ሌሊት በቤተ ክርስቲያን ያድራሉ፣ ሌሊቱን ይፈስካሉ፣ ቀኑን እንግዳ ያስተናግዳሉ። ታኅሣሥ 29 አይሩጡ። ለአንድ ወር ከአሥራ አምስት ቀን ቅቤና ሥጋ ያልነካ ሆድ በአንድ ጊዜ ዶሮ ወጥ፣ ክትፎና ጥብስ ሲጫንበት ይቸገራል፤ ለሆድዎም ለሩጫዎም ሲሉ የመጀመሪያውን ቀን በመጠኑ ይያዙት። አመሻሹ ላይ ከልጆቹ ጋር ወደ ዘመድ ቤት በእግር መሄድ ከተቻለ በቂ ነው። በማግስቱ፣ እንቅልፍዎን ከጠገቡ በኋላ፣ ከቁርስ በፊት 20 ደቂቃ በዝግታ ይሩጡ። ይህችን ሩጫ በተለይ አደራ የምልዎት ምክንያት አለኝ። በበዓል ሰሞን ሰው ከሩጫ የሚለየው በበዓሉ ቀን ሳይሆን ከበዓሉ በኋላ ባሉት ሁለት ሦስት ቀናት ውስጥ ነው፤ የተረፈው ወጥ አለ፣ ጠላው አለ፣ ሰውነት ከብዷል፣ «ከሰኞ ጀምሮ» ማለት ይቀላል። ቅባት የበዛበት ምግብ ከሆድ ለመውረድ ረጅም ሰዓት ስለሚወስድ በበዓል ሰሞን ከምግብ በኋላ የሚሮጥበትን ሰዓት እየፈለጉ ከመቸገር፣ ጾሙ ስላበቃ ወደ ማለዳው ፕሮግራምዎ መመለስ ይሻላል።

የጥምቀቱን ጉዞ በተመለከተ ዕድለኛ ነዎት ማለት እችላለሁ። አሰላ ከፍታዋ ከአዲስ አበባ ብዙም ስለማይለይ አየሩ አይከብድዎትም፤ ከጭላሎ ተራራ ግርጌ ያለች ከተማ ስለሆነችም ዳገት እንደ ልብ ነው። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ልጅ ሆኖ የሮጠው በዚያው አካባቢ ነው፤ ደራርቱ ቱሉና ቀነኒሳ በቀለ የወጡባት በቆጂም ከዚያ ወደ ደቡብ ራቅ ብላ ትገኛለች። በጥር አዝመራው በአብዛኛው ስለሚሰበሰብ፣ ከአስፋልቱ ወጣ ሲሉ ለጉልበት የሚለሰልስ የአፈር መንገድ ያገኛሉ። ጥር 9 ማለዳ አንድ ቀላል ሩጫ፣ ጥር 13 ማለዳ ደግሞ የዳገት ሩጫ ይያዙ፤ አሥር ደቂቃ አሟሙቀው፣ 45 ሰከንድ በሚወስድ ዳገት ላይ ስድስት ጊዜ ጠንከር ብለው ወጥተው በእርምጃ ይውረዱ፤ ከ30 ደቂቃ በላይ አይፈጅም። በከተራና በጥምቀት ዕለት ታቦቱን አጅበው የሚሄዱትና የሚቆሙት ሰዓት ለእግር ከበቂ በላይ ስለሆነ ሩጫ አይጨምሩበት። ኮፍያና የውኃ ዕቃ አይርሱ፤ የጥር ፀሐይ በደጋም ቢሆን ያቃጥላል።

በባል ቤተሰብ ቤት ምራት ማለዳ ተነሥታ ቱታ ለብሳ ስትወጣ ምን ይባላል የሚለው ጭንቀትዎ ይገባኛል። ሳይናገሩ አይውጡ። ከዋዜማው ምሽት ቡና ላይ ለአማትዎ «እማማ፣ ነገ ማለዳ ትንሽ ሮጥ ብዬ ለቡናው እደርሳለሁ» ብለው ያስታውቁ፤ ከቤቱ ልጆች አንዱን ወይም አንዷን ይዘው ይውጡ። መንገዱን ያሳይዎታል፣ ውሻውን ያባርርልዎታል፣ ቤተሰቡም ነገሩን በደስታ ይቀበለዋል፤ ያ አካባቢ ሲሮጥ የታየ ሰው የሚገርምበት አገር አይደለም።

በጥር ሰርጎች ላይ የምግቡ ጉዳይ ብዙ አያሳስበኝም፤ የሚያሳስበኝ እንቅልፍና መጠጥ ነው። ጠጅም ሆነ ቢራ በብዛት ሲጠጣ እንቅልፍን ይረብሻል፣ ፈሳሽ ያስወጣል፣ ጡንቻ ከልምምድ በኋላ የሚያገግምበትን ሂደትም ያዘገያል። ሰርጉ ቅዳሜ ወይም እሁድ ከሆነ ረጅሙን ሩጫ ወደ ሐሙስ ማለዳ ያምጡትና ሰርጉን ያለ ሐሳብ ይደሰቱበት፤ በማግስቱ ከመሮጥ ይልቅ መተኛት ይቅደም። ከአምስት ሰዓት በታች የተኛ ሰው ጠንከር ያለ ሩጫ ባይሞክር እመርጣለሁ፤ ሲደክም እግር በደንብ አይነሣም፣ ኮብልስቶን ላይ ቁርጭምጭሚት የሚዞረውም ያን ጊዜ ነው። እስክስታውን ግን አይፍሩት፤ አንድ ሰዓት ሙሉ የጨፈረ ሰው የልቡን ድርሻ አድርሷል።

ይህ ሁሉ ሆኖ ቢያቋርጡስ? ያለፈውን ለማካካስ አይሞክሩ። በአንድ ሳምንት ውስጥ የጎደለውን በቀጣዩ ለመሙላት ስድስት ቀን የሚሮጡ ሰዎች ከልባቸው ይልቅ ጅማታቸውን ይጎዳሉ፤ ልብና ሳንባ በሳምንታት ውስጥ ሲጠነክሩ አጥንትና ጅማት ወራት ይፈልጋሉ። ያለፈው አንድ ሳምንት ከሆነ ካቆሙበት ይቀጥሉ፤ የመጀመሪያዋ ሩጫ ብቻ ቀላል ትሁን። ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ከሆነ ከነበረው ሁለት ሦስተኛውን ይዘው በሁለት ሳምንት ውስጥ ወደ ነበሩበት ይመለሱ። ከአንድ ወር ካለፈ አምስት ደቂቃ ሩጫና ሁለት ደቂቃ እርምጃ እያፈራረቁ በ25 ደቂቃ ይጀምሩና በሦስተኛው ሳምንት እርምጃውን ያስወጡት። በዚህ ወቅት ክብደትዎ አንድ ሁለት ኪሎ ቢጨምር እሱን ለማውረድ ብለው ሩጫ አያብዙ፤ ወደ ዘወትር አመጋገብዎ ሲመለሱ አብዛኛው በራሱ ይወርዳል።

የሚከተሉትን ካዩ ግን ሩጫውን ትተው ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ፦ በሩጫ ጊዜ ደረት ላይ የሚጨመቅ ሕመም፣ ዐይን የሚያጨልም ማዞር፣ ለሁለት ሳምንት የማይለቅ ድካም ከልብ ምት መፍጠን ጋር፣ ወይም አንድ ቦታ ላይ ብቻ በጣት ሲነካ የሚያምና በሩጫ የሚባባስ የአጥንት ሕመም። ድካሙ ከጾሙ ነው ብለው አይለፉት፤ የደም ማነስ መኖር አለመኖሩን ቀላል የደም ምርመራ ይለየዋል።

ዐቢይ ጾም ሲገባ የአመሻሹን ፕሮግራም እንደገና ያወጡታል፤ 55 ቀን ስለሆነ ደግሞ አሁን የሚለምዱት ሰዓት ለዚያ ትልቅ ስንቅ ይሆንዎታል። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። በዚህ ሳምንት ቅዳሜ ማለዳ፣ ሁልጊዜ በሚሮጡበት መንገድ ላይ 5 ኪሎ ሜትር በሚመችዎ ፍጥነት ሮጠው የወሰደብዎትን ደቂቃና በመጨረሻው ኪሎ ሜትር ላይ ለመናገር ምን ያህል እንደቻሉ ጽፈው ያስቀምጡ። ከጥር ሰርጎች በኋላ ባለው የመጀመሪያው ቅዳሜ ያንኑ መንገድ በዚያው ሰዓት ይድገሙት። ልዩነቱ ከአንድ ወይም ከሁለት ደቂቃ ካልበለጠ ወደ አራት ቀን ፕሮግራምዎ በቀጥታ ይመለሱ፤ ከዚያ ከበለጠ በሦስቱ ቀን ላይ ሁለት ሳምንት ይቆዩና አራተኛውን ቀን በ20 ደቂቃ ጀምረው ያሳድጉት።